የጤና ዕቅድና የሕዝብ ቃል
(በደብረ ብርሃን ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተነገረ)



የመረጥነው ጉዳይ ስለ አንድ በሽታ ወይም ስለ አንድ መድኃኒት አይደለም። ጥያቄያችን አጭር ነው። መንግሥት «በዚህን ያህል ዓመት ውስጥ የሕዝቡ ጤና እዚህ ይድረስ» ብሎ ግብ ሲያቆም፣ ጤናው የሚታቀድለት ሕዝብ ግቡን በመምረጥ ረገድ ምን ድርሻ አለው? ምንስ ድርሻ ሊኖረው ይገባል?

የሠራን ሰው አለማመስገን ነውር ነውና ከተሠራው እንጀምር። አገራችን ከ1990 እስከ 2007 ዓ.ም. በአራት ምዕራፍ የተከፈለ የጤና ልማት ፕሮግራም አካሂዳለች። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው፣ ከ2013 እስከ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ተከትሏል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠሩ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሴቶች ተመድበው ክትባቱንና የቤተ ሰብ ምጣኔውን ምክር እስከ ደጃፍ አድርሰዋል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወሊዶች መካከል በጤና ተቋም የተፈጸሙት 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ሆነዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሆኖም ከዚሁ ጋር ሌላ ቁጥር እናስተያይ። በ1992ቱ ጥናት፣ በሕይወት ለሚወለዱ 100,000 ሕፃናት፣ በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚሞቱት እናቶች 871 እንደ ሆኑ ተገምቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ 412 ሆነ። ቁጥሩን በግማሽ ለመቀነስ 16 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። በዚያው በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው ዕቅድ ግን በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 199 ለማውረድ ግብ ተከለ። ትልቅ መመኘት መልካም ነው። ነገር ግን 16 ዓመት የፈጀውን ሥራ በ5 ዓመት ለመድገም የሚታሰብ ከሆነ፣ «በእናንተ ቀበሌ ይህ እንዲሆን ምን ይጎድላል?» ተብላ ነፍሰ ጡሯ፣ ባሏም፣ አማቷም፣ አዋላጇም መጠየቅ ነበረባቸው። እነርሱ ያልመከሩበት ግብ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖ ይቀራል።

ዕቅዱ የሚወርድበት መንገድ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ከሚኒስቴር ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ቀበሌው ጤና ኬላ ይወርዳል። ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ዕቅድም ከላይ ከሚወርደው ጋር እንዲገናኝ ሥርዐቱ ያዛል። ለልምምድ በወጣንባቸው ቦታዎች ግን ከላይ የሚወርደው ቁጥር ቀድሞ ሲደርስ፣ ከታች የሚወጣው ሐሳብ ከመንገድ ሲቀር አይተናል። ኮታው ከደረሰ በኋላ ለጤና ሠራተኛዋ የሚቀርላት ጥያቄ «ሕዝቡ ምን ያስፈልገዋል?» የሚለው አይሆንም፤ «ቁጥሩን በምን ልሙላ?» የሚለው ይሆናል።

ይህ የሚያመጣውን ጉዳት ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። ከደብረ ብርሃን ወጥተን የገብሱን ሜዳ አቋርጠን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብንጓዝ አንኮበር እንደርሳለን። ከአንኮበር አፋፍ ቆመን ቁልቁል ብናይ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው ቆላ ይታየናል። ይህ ሁሉ አንድ ወረዳ ነው። በደጋው ብርዱ ጽኑ ስለ ሆነ ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፤ ኩበት የሚነድበት ቤት በጭስ ይታፈናል፤ ሕፃናት በሳንባ ምች ይያዛሉ፤ ልብስ ለማጠብ ውሃው በሚበርድበትና በሚርቅበት ስፍራ ቅማል የሚያስተላልፈው ተስቦና ግርሻ ይፈራል። ቁልቁል በወረዱ ቁጥር ግን የሚፈራው ወባ ነው። የደጋውም የቆላውም ሰው እኩል የታመመ ሲሆን ሕመሙ ግን አንድ አይደለም። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ቢሰጣቸው፣ ለአንደኛው የማያስፈልገው ይበዛለታል፤ ለሌላው የሚያስፈልገው ይጎድልበታል።

አሁን ደግሞ ሕዝብ ሲጠየቅ ምን እንደሚገኝ እንመልከት። እናቶች ወደ ጤና ጣቢያ መጥተው እንዲወልዱ ብዙ ዘመን ተለመኑ፤ ብዙዎቹ ግን አልመጡም። «የገጠር ሴት አታውቅም፣ ልማድ አስሯታል» ተባለ። ምክንያቱ ከራሳቸው ሲጠየቅ ግን ሌላ ነገር ተሰማ። አልጋው ይበርዳል፤ እናቷና ጎረቤቷ ከአጠገቧ እንዳይቆሙ ይከለከላሉ፤ ከወለደች በኋላ የሚቀርብላት ገንፎ የለም፤ ምጡ ሲመጣ ገደሉን ለመውጣት ጊዜ አይበቃም። ይህ ቃል በተሰማባቸው የአገራችን ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ቤት ተሠራ፤ ገንፎ ተገነፋ፤ ቡና ተፈላ፤ መኪና በማይደርስበትም ስፍራ ጎረቤት ተደራጅቶ ቃሬዛ አዘጋጀ። ገንፎን በዕቅድ ውስጥ ሊያስገባ የሚችል ሊቅ ከየት ይገኛል? ይህን የምታውቅ ወላዲቱ ብቻ ናት። አበው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። እኛ ደግሞ ያልተጠየቀ ሰው እንደ ሸሸገ ሊቈጠርበት አይገባም እንላለን።

ሕዝቡ ለጤና ሥራ ፈጽሞ አልተጠራም ማለታችን አይደለም። መጸዳጃ ጉድጓድ እንዲቈፍር ይጠራል። ለማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በየዓመቱ መዋጮ እንዲከፍል ይጠራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህም በማኅበረሰብ የውጤት ካርድ የባለሙያውን አክብሮት፣ የወረፋውን ርዝመት፣ የመድኃኒቱን መገኘት፣ የአምቡላንሱን አገልግሎትና የግቢውን ንጽሕና እንዲመዝን ይጠራል። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ልብ እንበል፤ በዚህ ሁሉ ሕዝቡ ሌላው የመረጠውን ሥራ ይፈጽማል፣ ሌላው ለመረጠው ሥራ ይከፍላል፣ ሌላው የመረጠውን ሥራ ይመዝናል። ከመጀመሪያው «የትኛው ይቅደም?» ተብሎ አይጠየቅም። የእኛ አቤቱታ ይህ ነው።

«ሕዝቡ ሕክምና አልተማረ፤ እንዴት ግብ ይመርጣል?» የሚል ወንድም እንደሚኖር እናውቃለን። የክትባቱን መጠን፣ የመድኃኒቱን ዓይነት፣ የበሽታውን መንሥኤ ሕዝብ በድምፅ ይወስን የሚል ከመካከላችን የለም፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው። ገንዘቡ ለሁሉ ሳይበቃ ሲቀር ግን የትኛው ችግር ይቅደም፣ አገልግሎቱ በየት ስፍራና በየትኛው ቀን ይሰጥ፣ ማን ወደ ኋላ ቀርቷል የሚለው የኑሮ ጥያቄ ነው። «ሕዝቡ ከተጠየቀ ሕንጻና አምቡላንስ እንጂ መከላከልን አይመርጥም» የሚለውም ሥጋት ከንቱ አይደለም። መልሱ ግን ሕዝቡን አለመጠየቅ አይደለም። በቀበሌው ስንት ሕፃን በምን እንደ ሞተ፣ ገንዘቡም ስንት እንደ ሆነ በግልጽ ነግሮ መጠየቅ ነው። ሒሳቡን ያልተነገረው ሰው ምርጫው ግምት ይሆናል።

ይህ ሐሳብ የእኛ ፈጠራ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 በአልማ አታ የተሰበሰቡ መንግሥታት፣ ሕዝብ የጤና አገልግሎቱን በማቀድም በመፈጸምም መሳተፍ መብቱም ግዴታውም መሆኑን ተስማምተው አውጀዋል። ታይላንድ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 ባወጣችው የጤና ሕግ፣ ሹማምንትና ባለሙያዎች ከሕዝብ ማኅበራት ጋር በአንድነት የሚመክሩበት ብሔራዊ የጤና ጉባኤ አቋቁማለች። አሜሪካ ደግሞ ለዐሥር ዓመት የምታወጣውን የጤና ግብ ከማጽደቋ በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት ታቀርባለች። እኛ ከእነርሱ የምንበልጥበት ነገር አለን፤ እድር፣ ማኅበርና ሰንበቴ አለን። ሰው በበዓል ቀን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በቆላውም ከመስጊድ ደጅ ይገናኛል። አዲስ አዳራሽ መሥራት ሳያስፈልግ ሰው በተሰበሰበበት መጠየቅ ይቻላል።

እንዲያም ሆኖ በስብሰባ የሚናገረው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰው እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። ሽማግሌው ሲናገር ወጣቷ ሚስት ዝም ትላለች፤ የደጋው ሲናገር የቆላው አርጎባ ይረሳል። ይልቁንም በዚህችው በደብረ ብርሃን ከተማ ከወለጋና ከሌላም ስፍራ ተፈናቅለው በመጠለያ የኖሩ ወገኖቻችንን እናስብ። ዕቅድ በቀበሌ ነዋሪ ቁጥር ሲሠራ፣ ከቀበሌው የተነቀለ ሰው በየትኛው መዝገብ ይገኛል? በክልላችን በደረሰው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት ያጣ ሕመምተኛስ ግቡን ለማን ይንገር? ድምፁ ያልተሰማ ሰው ሞቱም በሪፖርት አይታይም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ለወደፊቱ የሚወጣ የጤና ዕቅድ ሁሉ ከመጽደቁ በፊት ረቂቁ ባልተወሳሰበ አማርኛ፣ እንደ አስፈላጊነቱም በሌሎች የአካባቢው ቋንቋዎች ተጽፎ በየቀበሌው ይነበብ። ሁለተኛ፣ በየወረዳው ከሚያዙት ግቦች ቢያንስ አንዱን ሕዝቡ ራሱ ይምረጥ፤ የተመረጠውም ምን እንደ ደረሰ በዓመቱ መጨረሻ ለመረጠው ሕዝብ ይነገረው። ሦስተኛው ለእኛው ለተማሪዎች ነው። በክረምት ወደየአገራችን ስንገባ እያንዳንዳችን ዐሥር ቤት እንጠይቅ። ከዐሥሩም ቢያንስ አምስቱ መልስ ሰጭዎች ሴቶች ይሁኑ። «ባለፈው ዓመት ከቤታችሁ ማን ታመመ? ሳይታከም የቀረ እንደ ሆነ ምን አገደው? መንግሥት አንድ ነገር ብቻ ቢያደርግላችሁ ምን ይሁን?» ብለን መልሱን ሳናሳምር፣ እንደ ተነገረን እንጻፍ። በመስከረም ስንመለስ በአንድነት አሰባስበን ለወረዳዎቹና ለዞኑ ጤና መምሪያ እናቅርብ። ተቀባይ ቢያገኝ ደስ ይለናል፤ ባያገኝም ጠይቀን የሰማነውን ወደ ፊት በምንሠራበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ይዘነው እንሄዳለን።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ነገ ከመካከላችን አንዳንዶቹ ዕቅድ አውጪዎች እንሆናለን። ያን ጊዜ ከፊታችን በሚቀርበው ወረቀት ላይ 199 ወይም ሌላ ቁጥር ተጽፎ ስናይ፣ ከዚያ ቁጥር በስተ ኋላ የአንኮበርን ገደል በቃሬዛ የምትወጣ እናት እንዳለች አንርሳ። እርስዋን ሳንጠይቅ ብዕር አናንሣ።