የሐበሻ እንቁላል፣ የፈረንጅ እንቁላልና የዶሮዋ ኑሮ



ያደግሁት ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሳጉሬ ነው። እናቴ እንቁላሉን በገለባ መካከል ሸሽጋ በቅርጫት ወደ ገበያ ትወስድ ነበር። የደብተሬ ዋጋ ከዚያ ይወጣ ስለ ነበር በዚህ ርእስ ላይ ፍጹም ገለልተኛ ነኝ አልልም።

ዛሬ በአሰላም ሆነ በአዲስ አበባ እንቁላል የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «የሐበሻ ነው የፈረንጅ?» ብሎ ነው። ለሐበሻው ጨመር አድርጎ ይከፍላል። ምክንያቱን ብትጠይቁት ስለ ጣዕሙና ስለ አስኳሉ ቢጫነት ይነግራችኋል፤ አንዳንዱም «ዶሮዋ በነጻነት የኖረች ናት» ይላል። የምመረምረው ይህን የመጨረሻውን ነው።

አስኳሉ ምስክር አይሆንም። ቢጫነቱ የሚመጣው ዶሮዋ በምትበላው ቅጠልና ቢጫ በቆሎ ውስጥ ካለው ካሮቲኖይድ ከተባለ ቀለም ነው፤ ይህንኑ በመኖው ላይ የጨመረ አርቢ በሽቦ ቤት ከታጎረች ዶሮም ደማቅ አስኳል ያገኛል። «የሐበሻ» የሚለው ስምም ዘርን እንጂ አያያዝን አይናገርም።

በአውሮፓ ኅብረት ጉዳዩ በሕግ ተይዟል። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው መመሪያ ባዶውን የሽቦ ቤት ከ2012 ጀምሮ ከልክሏል። በዚያ ቤት ለአንዲት ዶሮ የሚሰጣት ዝቅተኛ ስፍራ 550 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነበር፤ በእጃችሁ ካለው የኤ4 ወረቀት ያንሳል። በእንቁላሉ ላይ የሚታተመው የመጀመሪያ ቁጥርም አያያዙን ይገልጻል፦ 0 ኦርጋኒክ፣ 1 ወደ ሜዳ የምትወጣ፣ 2 በቤት ውስጥ በወለል ላይ የምትኖር፣ 3 በሽቦ ቤት ያለች። በእኛ ገበያ በእንቁላሉ ላይ የሚገኘው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ኩስ ነው።

የሳጉሬዋ ዶሮ ትጭራለች፣ በአመድ ትንደባለላለች፣ ሲመሽ ቆጥ ላይ ትወጣለች። የሽቦ ቤቱ የሚነፍጋት በትክክል እነዚህን ነው። ነገር ግን ፈንግል ሲገባ የመንደሩ ዶሮ ያልቃል፤ ጫጩቶቹን ጭልፊት ይነጥቃቸዋል፤ እርሷም በመጨረሻ እግሯ ታስሮ፣ ቁልቁል ተንጠልጥላ ገበያ ትወርዳለች። ይህን ሁሉ ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ራሴም ተሸክሜያቸዋለሁ። ነጻነት ብለን ስንጠራው ግማሹን ብቻ እያየን ነው።

በአንጻሩ «ፈረንጅ» የምንላት፣ ቦቫንስ ብራውን ወይም ሎማን ብራውን፣ በብዙ አነስተኛ እርባታዎች የምትኖረው ጉዝጓዝ በለበሰ ወለል ላይ ነው፤ ክትባትም ታገኛለች። የእርሷ መከራ ሌላ ነው። በዓመት 300 ገደማ እንቁላል እንድትጥል የተመረጠች ስለሆነች ለቅርፊቱ የሚሆነው ካልሲየም ከአጥንቷ ጭምር ይሳባል። የአገር ቤቷ ከ60 እምብዛም አታልፍም።

ስለዚህ ዘሩን መጠየቅ ትቻለሁ። ዶሮዎቹ ወለል ላይ ናቸው ወይስ በሽቦ ቤት? የሚጥሉበት ጎጆ አላቸው? ለፈንግል ተከትበዋል? ባለ ሱቅ ይህን ሲጠየቅ ግር ይለዋል፤ አርቢው ግን ይመልሳል፤ ግቢውንም ያሳያል። በዐቢይ ጾም ዋጋው ሲወርድ ለወሬም ጊዜ አለው። በፋሲካ ዋዜማ አትሞክሩት።

የተማሪ ኪስ ይህን ምርጫ ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ ከፊታችሁ አነባለሁ፤ መድረኩን ለእናንተ እለቃለሁ።