ስለማይታወቁት ደሴቶቻችን
ለወለጋ የገጠር ትምህርት ቤቶች የተነገረ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፤ እናንተም በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ዙሪያ በሚገኙት ትምህርት ቤቶች የምትማሩ ተማሪዎች ሆይ፤

ዛሬ ልነግራችሁ የወደድሁት ስለ ደሴት ነው። ደሴት ማለት በአራቱም ማዕዘን ውሃ የከበበው ምድር ነው። አገራችን ዛሬ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት፣ ደሴት ሲባል ለብዙ ሰው የባዕድ አገር ነገር ይመስለዋል። ነገር ግን ሐይቆቻችን ደሴቶች አሏቸው፤ በደሴቶቹም ላይ ሰው ያርሳል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ የአባቶቹን ቋንቋ ይናገራል፣ ጥንታዊ መጻሕፍትን ይጠብቃል።

ከሁሉ ይልቅ ዝናቸው የተሰማው የጣና ደሴቶች ናቸው። ጣና ስፋቱ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አፅም ይገኛል፤ በደቅ ደሴት ዳርቻም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ። በ2007 ዓ.ም. የጣና ሐይቅና አካባቢው በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዘገበ። ስለዚህ የሩቅ አገር እንግዳ ሁሉ ስለ ጣና ይጠይቃል፤ ይህም የሚገባ ነው። ሆኖም የታወቀውን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው አገሩን በከፊል ብቻ ያውቃል።

እንግዲህ ወደማይታወቁት እንሻገር። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የዝዋይ ሐይቅ ይገኛል፤ ደንበልም ይባላል። በውስጡ አምስት ደሴቶች አሉት። ታላቁ ደሴት ቱሉ ጉዶ ይባላል፤ ኦሮምኛ የምታውቁ ልጆች ትርጉሙ «ትልቅ ተራራ» መሆኑን ወዲያው ታስተውላላችሁ። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በዮዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦታቸውንና መጻሕፍታቸውን ይዘው ሸሽተው በዚህ ደሴት ተጠልለዋል። በደሴቶቹ የኖረው የዛይ ሕዝብ ከጎረቤቶቹ ጋር በኦሮምኛና በአማርኛ እየተነጋገረ፣ በቤቱ ግን የራሱን የዛይን ቋንቋ ጠብቆ ቆይቷል። ይህ ቋንቋ ለሐረሪና ለስልጤ ቋንቋ የቀረበ ነው።

ዛሬ የዛይን ቋንቋ የሚናገሩት ጥቂት ሺህ ሰዎች ብቻ እንደሆኑ ይገመታል። በደሴቶቹ የእርሻ መሬት ጠባብ ነው፤ ገበያውና ሐኪም ቤቱ በየብስ ነው፤ ስለዚህ ብዙዎች ወደ ዳርቻው ተሻግረው ይኖራሉ። ሐይቁም ራሱ ጥልቀቱ በአማካይ ከሦስት ሜትር ያነሰ ነው፤ በዙሪያው ያሉት እርሻዎች ደግሞ ውሃውን ለመስኖ ይስባሉ። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ጥቂት ቢቀነስበት ዳርቻው ብዙ ይሸሻል። ቀድሞ ደሴት የነበረ ስፍራ ከየብስ ጋር ሲገናኝ በወሎ ታይቷል፤ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በደሴት ላይ ነበረ፤ ዛሬ ግን ሰው በእግሩ ይገባበታል።

በደቡብም በአባያ ሐይቅ ውስጥ ጊዲቾ የሚባል ደሴት አለ። የባይሶ ሕዝብ የኖረው በዚያ ነው፤ ቋንቋውም ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን ሆኖ ተናጋሪዎቹ ጥቂቶች ናቸው። የቋንቋ ሊቃውንት ይህን ቋንቋ ለማጥናት ከሩቅ አገር ሲመጡ፣ ከኛ መካከል ስሙን የሰማው ስንቱ ነው?

ከእናንተ ዘንድ ቅርብ የሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ። ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በባኮ፣ በጌዶና በጉደር አልፎ አምቦ ይደርሳል። ከአምቦ በስተ ደቡብ ወደ ተራራው ቢወጣ የወንጪን ሐይቅ ያገኛል። ይህ ሐይቅ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2900 ሜትር ከፍ ይላል። በመካከሉ ባለው ደሴት ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። የአገሩ ሰዎች በማኅበር ሆነው እንግዳውን በፈረስ ያወርዱታል፣ በጀልባም ያሻግሩታል። የዓለም የቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መረጣት። ከዚያ በፊት በሥፍራው አጠገብ በመኪና ያለፉ መንገደኞች ቁጥር የላቸውም፤ ወርደው ያዩት ግን ጥቂቶች ነበሩ።

አሁን ደግሞ ስለ ራሳችሁ ውሃ አድምጡ። የአንገር ወንዝ ወደ ዴዴሳ ይገባል፤ ዴዴሳና ዳቡስ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ዓባይም በጉባ በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተገድቧል፤ የግድቡ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከግድቡ ጀርባ የተኛው ውሃ ንጋት ሐይቅ ተብሏል። ውሃው ከፍ ሲል ቆላው ተሸፈነ፤ ከፍ ያሉት ኮረብታዎች ግን ራሳቸው ብቻ ቀርተው ደሴት ሆኑ። ስለዚህ በወለጋ ማሳ ላይ የወረደው ዝናብ ራሱ እነዚህን አዳዲስ ደሴቶች ከከበበው ውሃ ጋር ይቀላቀላል።

ከዚያ በፊትም በሆሮ ጉዱሩ፣ ከሻምቡ በማይርቀው በጮመን ረግረግ ላይ የፊንጫ ግድብ ተሠርቶ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ተፈጸመ። ኤሌክትሪክ ተገኘ፤ ይህም ለአገር ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ረግረጉ ብቻ ሳይሆን ከብት የሚሰማራበት መስክና የሚታረስ መሬትም በውሃ ተዋጠ፤ በዚያ የነበሩ ቤተሰቦችም ለቀው ሄዱ። ከውሃው በታች የቀረው መስክ ስም ነበረው፤ ምንጩም መንገዱም ስም ነበረው። እነዚህን ስሞች የሚያውቁ ሰዎች ዛሬ ሸምግለዋል። እነርሱ ሲያልፉ ስሞቹም አብረው ያልፋሉ፤ በመጽሐፍ ካልተጻፈ በቀር ማንም ሊመልሳቸው አይችልም።

ስለዚህ ልጆች ሆይ፤ የማይታወቅ ስፍራን ለማወቅ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ወደ ሽማግሌዎች ሂዱ፤ በአክብሮትም ጠይቁ። «ይህ ኮረብታ ለምን በዚህ ስም ተጠራ? ውሃው ሳይመጣ በፊት በዚህ ማን ይኖር ነበር? ገበያው በየት ነበር?» በሉ። የተነገራችሁን በተነገራችሁበት ቋንቋ ጻፉ፤ የተናገረውን ሰው ፈቃድ ጠይቃችሁ ስሙንና ቀኑን ጨምሩ። መምህራንም ደብተሮቹን በትምህርት ቤቱ ሣጥን ያስቀምጡ።

ይህ ሥራ አዲስ አይደለም። አስቴር ጋኖ የኦሮሞን ዘፈን፣ ተረትና እንቆቅልሽ ከቃል ወደ ጽሕፈት አገባች፤ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ያዘጋጀችውም የኦሮምኛ ማንበቢያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ታተመ። ኋላም ወደ ወለጋ መጥታ ኖረች። ያን ጊዜ ባትጽፍ ኖሮ የተረቶቹ ብዛት ዛሬ በእጃችን ባልተገኘ ነበር።

አድጋችሁም ወደ ቱሉ ጉዶ፣ ወደ ጊዲቾ ወይም ወደ ወንጪ ለመሄድ ዕድል ብታገኙ እንደ መልካም እንግዳ ሁኑ። ሳታስፈቅዱ የሰው ፎቶግራፍ አታንሡ፤ የገዳምን ሥርዓት አክብሩ፤ የብራና መጽሐፍ ግዙ የሚላችሁ ቢኖር እምቢ በሉ፤ ቆሻሻ በውሃው አትጣሉ፤ ለመሪውና ለጀልባው የሚገባውን ዋጋ ክፈሉ። ትንሽ ደሴት ብዙ እንግዳ አትችልም፤ ጥቂት አስተዋይ እንግዳ ግን ይጠቅማታል።

ሰው የሚያውቀውን ይጠብቃል፤ ያላወቀው ነገር ቢጠፋበት ግን መጥፋቱን እንኳ አይሰማም። ስለዚህ በመንደራችሁ ያለውን ዕወቁ፤ ያወቃችሁትን ጻፉ፤ የጻፋችሁትንም ከናንተ በኋላ ለሚመጡት አስረክቡ።