«ዳንቴስ ፒክ» ስለተባለው ፊልም



ዛሬ የምናነጋግራችሁ እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ስለወጣው «ዳንቴስ ፒክ» ስለተባለው የአሜሪካ ፊልም ነው። ያዘጋጀው ሮጀር ዶናልድሰን ሲሆን፣ ፒርስ ብሮስናን የእሳተ ገሞራ ሊቅ፣ ሊንዳ ሃሚልተን ደግሞ በተራራው ሥር ያለችው ከተማ ከንቲባ ሆነው ይታያሉ።

በመጀመሪያ ጉድለቱን እንመልከት። በእንደዚህ ያለ ተራራ ውስጥ ያለው ቅልጥ ዐለት ወፍራም ስለሆነ ፈንድቶ ዐመድ ይሆናል እንጂ፣ ፊልሙ እንደሚያሳየው እንደ ጅረት ፈጥኖ አይወርድም። በቅልጡ ላይ መኪና ነድቶ መሻገርም ተመልካችን ለማስደነቅ የተጨመረ ነው። የጋለው የዐመድ ደመና ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ፣ እንደ ፊልሙ ጀግና በመኪና ቀድሞ ማምለጥ የሚታሰብ አይደለም።

መልካምነቱ ግን ብዙ ነው። የመሬቱ መንቀጥቀጥ፣ የዛፎቹ መድረቅ፣ ቀኑን የሚያጨልመው ዐመድ፣ ድልድይ የሚያፈርሰው ጎርፍ፣ ይህ ሁሉ በእውነት የሚደርስ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የስብሰባው ክርክር ነው። ሊቁ «ሕዝቡ ይጠንቀቅ» ሲል፣ አለቃው «ማስረጃው አልበቃም፤ በከንቱ ብናስደነግጥ ከተማይቱ ትከስራለች» ይላል። አለቃው ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚናገረውም በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰማ ነገር ነው።

የዚህ ክርክር ዋጋ በኮሎምቢያ ታይቷል። ኔቫዶ ዴል ሩይዝ የተባለው ተራራ እ.ኤ.አ. ኅዳር 13 ቀን 1985 ዓ.ም. ከመፈንዳቱ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ የአደጋው ካርታ ተዘጋጅቶ ነበር። ሆኖም የአርሜሮ ከተማ ሕዝብ በጊዜው እንዲወጣ ስላልተደረገ፣ ፍንዳታው ከደረሰ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ የጭቃ ጎርፍ ከተማይቱን ዋጣት። በጠቅላላው 23,000 ያህል ሰዎች ሞቱ። በፊሊፒንስ ግን እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. የፒናቱቦ ተራራ ከመፈንዳቱ አስቀድሞ ከ60,000 የማያንስ ሕዝብ እንዲወጣ በመደረጉ፣ የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት ተረፈ።

እንግዲህ የፊልሙ ትልቁ ጉድለት ከመኪናው ሩጫ ይልቅ እዚህ ላይ ነው፤ ተራራው ፈንድቶ ፍርዱን ስለሚሰጥ፣ ሊቁ ትክክል፣ አለቃውም ስሕተተኛ መሆናቸው ወዲያው ይገለጣል። በፒናቱቦ የነበሩት ባለሥልጣኖች ግን ትእዛዙን የሰጡት ጥርጣሬው ሳይለቃቸው ነው። ክቡራን አድማጮች፤ በእናንተም ጠረጴዛ ላይ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ባረፈ ጊዜ፣ «ማስረጃው በቅቷልን?» ብላችሁ ስትጠይቁ፣ «ብንዘገይ የሚጎዳው ማን ነው?» የሚለውንም ጨምራችሁ ጠይቁ።