ለምንጣሮ የሚሆን ትራክተር፦ የጉልበት ልክ በደጋው ከፍታ



መሬት ለመመንጠር ትራክተር ሊገዛ የተነሣ ሰው ለባለሙያ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ስንት የፈረስ ጉልበት ይበቃኛል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በፋብሪካው ዝርዝር ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻውን መልስ አይሆንም። ትራክተሩ የሚሠራበት ከፍታ፣ የሚረግጠው አፈርና የሚገጥመው ሥር አስቀድመው ካልተመዘኑ የገዢው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የነጂውም ሕይወት ለአደጋ ይጋለጣል።

ለዚህ ጉዳይ የቦሌ ሚካኤል አካባቢ ጥሩ አብነት ነው። ሰፈሩ ዛሬ በቤትና በመንገድ የተሞላ እንጂ የእርሻ ቦታ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ከፍታውና አፈሩ በሸዋ ደጋ ከሚገኙ ብዙ ማሳዎች ጋር ይመሳሰላል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ በመሆኑ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። በአጠገቡ ካለው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሡ አውሮፕላኖች ረጅም ማኮብኮቢያ ከሚሹባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። የናፍጣ ሞተርም ያለ አየር አይሠራም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ላይ ከተጻፈለት ጉልበት እስከ አንድ አምስተኛ ሊያጣ ይችላል፤ ቱርቦ ያለው ግን አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱ በጣም ያነሰ ነው።

ነገሩ በስሌት ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። ባለ 25 የፈረስ ጉልበት ትራክተር ያለ ቱርቦ በደጋው ላይ ወደ 20 ዝቅ ሊል ይችላል። ከዚህም ውስጥ 15 ከመቶ ያህሉ በማርሽና በመሰል ክፍሎች ስለሚባክን መቁረጫውን ለሚያዞረው ዘንግ የሚደርሰው 17 ገደማ ነው። ለሚሽከረከር የቁጥቋጦ መቁረጫ በተለምዶ የሚታሰበው ለእያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት 5 የፈረስ ጉልበት ስለሆነ፣ ይህ ትራክተር በምቾት የሚያዞረው የአንድ ሜትር መቁረጫ ብቻ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው መቁረጫ ግን ዘንጉ ላይ 25 የፈረስ ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ ሞተሩ ቱርቦ ካለው ከ30 በላይ፣ ከሌለው ወደ 37 መሆን አለበት።

ከጉልበት ቀጥሎ የሚመዘነው አፈሩ ነው። በምሥራቅ አዲስ አበባ በሰፊው የሚገኘው ጥቁር ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ጎማም ይይዛል። በበጋ ደግሞ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ክብደት የሌለው ትራክተር ጎማው በከንቱ ይሽከረከራል፤ እጅግ የከበደውም እርጥቡን መሬት ይጠቀጥቀዋል። ስለሆነም በአራቱም ጎማ የሚጎትት መካከለኛ ክብደት ያለው ትራክተር ይመረጣል፤ ሥራውም ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ጎማ መሸከም ሲጀምር፣ ገና እንደ ድንጋይ ሳይጠጥር መፈጸም ይገባዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ጉቶ ነው። ባሕር ዛፍ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ግንዱን መጣል ብቻውን ምንጣሮ አይባልም። ይህን ጉቶ በአነስተኛ ትራክተርና በሰንሰለት ለመንቀል መሞከር ግን አደገኛ ነው። ሰንሰለቱ ከኋላው አክስል ወይም ከዚያ በላይ ታስሮ ጉቶው እምቢ ሲል የፊት ጎማዎች ይነሣሉ፤ ትራክተሩም ነጂው ፍሪሲዮን ከመርገጡ በፊት ወደ ኋላ ሊገለበጥበት ይችላል። ማናቸውም ጉተታ ዝቅ ብሎ ከተሠራው መጎተቻ ብቻ ይደረግ። ነጂውን ከመጨፍለቅ የሚጠብቅ የብረት ቀስትና የወገብ ቀበቶ የሌለው ትራክተርም ለምንጣሮ አይሰማራ። ጉቶ ለመንቀል ኤክስካቫተር ወይም ዶዘር ለጥቂት ቀናት መከራየት ይሻላል።

እዚህ ላይ «እንግዲያውስ ለምን ትልቁን ትራክተር ገዝተን አንገላገልም?» የሚል ይኖራል። ትልቅ መኪና ግን ሰፊ ማሳ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1967 የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ከተቋቋመ በኋላ በነበሩት ዓመታት በአርሲ ባለመሬቶች በትራክተር ማረስ ሲጀምሩ ብዙ ጭሰኞች ከያዙት መሬት ተፈናቅለዋል። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀርቷል፤ የዛሬው ገበሬ ይዞታም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሄክታር አይበልጥም። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በኢትዮጵያና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች በእጅ የሚመራ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር በምርምር የተሞከረው ለዚህ ዓይነቱ ማሳ ነው። እርሱም ቢሆን ለእርሻ፣ ለመዝሪያና ለማጓጓዣ እንጂ ለጉቶ ነቀላ የታሰበ አይደለም።

ምንጣሮ በአንድ መሬት ላይ አንድ ጊዜ የሚሠራ ሥራ ሲሆን፣ እርሻው ግን በየዓመቱ ይመለሳል። ስለዚህ ትራክተር የሚገዛው ለዓመት ዓመቱ ሥራ ነው፤ የአንድ ጊዜው ከባድ ሥራ በኪራይ መኪና ይፈጸማል። ምክር የሚጠየቅ ባለሙያም የፈረስ ጉልበት ቁጥር ከመጥራቱ በፊት ማሳውን በእግሩ ይዙር፤ የጉቶውን ብዛትና ውፍረት ይመዝግብ፤ አፈሩን ይመርምር፤ የሞተሩን ጉልበት ለከፍታው ያስተካክል፤ መለዋወጫና መካኒክ በቅርብ መኖሩን ያረጋግጥ። በማይመጥን ትራክተር ዕዳ የሚገባውም ሆነ በመሪው ላይ የሚቀመጠው ሌላ ሰው ነውና፣ ባለሙያው ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ይህን ያስብ።