ከዶሮዋ በፊት ቤቷ፦ የጓሮ ዶሮ እርባታ አጀማመር



በባሶ ሊበኗ ይጁቤም ሆነ በሌላው የጎጃም ደጋ፣ ዶሮ ይበልጡን የሴቶች ጥሪት ናት። የእንቁላሉ ገንዘብ ለጨው፣ ለዘይትና ለልጆች ደብተር ይውላል። ዶሮ ስታልቅ የሚጎድለው ይኸው ነው።

ጀማሪ አርቢ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዝርያ ነው። በእርግጥ የአገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስትጥል፣ የተሻሻሉት ዝርያዎች ከእጥፍ በላይ ይጥላሉ። ሆኖም ፈንግል ዝርያ አይመርጥም፤ ያልተከተበ መንጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ከግዢው በፊት ሦስት ነገሮች ይሟሉ።

አንደኛ፣ ከደጋው ብርድና ከሸለምጥማጥ የሚከላከል፣ ደረቅ፣ አየር የሚያገኝና ቆጥ ያለው ቤት ይሠራ።

ሁለተኛ፣ የለይቶ ማቆያ ስፍራ ይዘጋጅ። የታመመች ዶሮ ሳትሞት በርካሽ ትሸጣለች፤ ገዢዋም በሽታውን ከገበያ ወደ ጓሮዋ ታስገባለች። ስለሆነም አዲሷ ዶሮ ቢያንስ 2 ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ።

ሦስተኛ፣ ከጎረቤት ጋር የክትባት ቀን ይቆረጥ። በዓይን ጠብታ የሚሰጠው የፈንግል ክትባት አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚበቃ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላም ለነገ አይቀመጥም። አምስት ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን ብትገዛው አብዛኛው ይደፋል፤ መንደሩ በአንድነት ቢያስከትብ ግን ወጪው ይቀላል። ክትባቱ የታመመችውን አያድንም፤ ጤነኛዋን ይጠብቃል።

እናንተም ወደ ገጠር ስትወጡ ከጫጩት ቁጥር አስቀድማችሁ ስለእነዚህ ጠይቁ።