ሰው የማይሰማበት ክፍል
በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንድ አባል ያደረጉት ንግግር



ጸሐፊያችን «ስለ ጤና አንድ ነገር ተናገርልን» ቢለኝ፣ እኔ ሾፌር እንጂ ሐኪም አይደለሁም ብዬው ነበር። «የደረሰብህን ብቻ ንገረን» አለኝ። እንግዲህ የደረሰብኝን እነግራችኋለሁ።

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት፣ በ2012 ዓ.ም. ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የምነዳው የጭነት መኪና ፍሬን እምቢ ብሎኝ ተገለበጥኩ። እኔ በእጅና በጎን ስብራት ስተርፍ ረዳቴ እዚያው አለፈ። በዚያን ጊዜ ተራ ገብታችሁ ስትጠይቁኝ ሰንብታችኋል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

አጥንቱ ጠገነ። ሌላው ግን አልጠገነም። ሌሊት የፍሬን ድምፅ እየሰማሁ እባንናለሁ። ታክሲ ውስጥ ስገባ ላብ ያጠምቀኛል፤ ልቤ ከደረቴ ልትወጣ ትደርሳለች። ቆይቶ ከሠፈር መውጣቱን ጭራሽ ተውኩት። ጠበሉን ተጠመቅሁ፤ ጸሎቱን ዛሬም አልተውኩም። መጠጡንም ሞክሬዋለሁ፤ እሱ እንኳ የባሰውን ነው ያመጣው። ይህን ዓይነቱን ሕመም የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 እ.ኤ.አ. ስም ሰጥቶ በበሽታዎች መዝገብ ውስጥ እንዳስገባው የሰማሁት በኋላ ነው። እኔማ ወንድነት የጎደለኝ ነበር የሚመስለኝ።

በመጨረሻ የእህቴ ልጅ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ አገኘችልኝ። ባለሙያዋ የምትሠራው ከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። ኧረ ለመሆኑ፣ መኪና የሚፈራ ሰው ለሕክምናው ሁለት ታክሲ ይዞ ሂድ ይባላል? «ግድ የለም ጋሼ፣ በስልክ ፊት ለፊት እየተያየን እንሥራ» አለችኝ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሃምሳ ደቂቃ።

በመጀመሪያው ቀን ያለሁበትን ቤት፣ አጠገቤ ማን እንዳለ፣ ድንገት ቢብስብኝ ለማን እንደምትደውል ጠየቀች። ኔትወርኩ ቢቆራረጥ በተራ ስልክ እንድትደውል ተስማማን፤ ይህችን ስምምነት ስንቴ እንደተጠቀምንባት እኔ ነኝ የማውቀው! የሥራ ፈቃዷንም ሳልጠይቃት አሳየችኝ። እናንተ ግን ጠይቁ። ዛሬ በስልክ አማካሪ ነኝ ባይ ሞልቷል፤ ፈቃዱን ማሳየት ለማይወድ ሰው ገመናችሁን አትክፈቱ።

ችግሩ ቤቴ ነበር። ክፍሉ አንድ ነው፤ እኛ አምስት ነን። ግድግዳውም ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚያሰኝ ነው። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ «እንዴት ነዎት?» ስትለኝ «ደህና ነኝ» እላለሁ። ባለቤቴ እየሰማች፣ ልጆቼ እየሰሙ፣ የሟቹን ስም እንዴት ልጥራ? እሷም ገብቷት «ጋሼ፣ ሰው የማይሰማዎት ቦታ ካላገኘን ወደፊት አንሄድም» አለች።

ያን ጊዜ ነው የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊያችን ምንም ሳይጠይቀኝ የእድሩን ክፍል ቁልፍ የሰጠኝ። በድንኳኑና በብረት ድስቱ መካከል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ አወጣሁት።

ሥራውም ወሬ ብቻ አልነበረም። ሲያፍነኝ በዙሪያዬ የማያቸውን አምስት ነገሮች ስም መጥራት፣ ትንፋሽን በቀስታ ማስወጣት ለመድኩ። ከዚያም ያንን ቀን አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንድተርክ፣ ድምፄን ቀድቼም በየቀኑ እንዳዳምጠው አዘዘችኝ። ይህች ልጅ ልትገድለኝ ነው ብያለሁ! በሁለተኛው ሳምንት ግን እያለቀስኩም ቢሆን እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። ቀጥሎ የጎረቤቴ ሚኒባስ ውስጥ ሞተሩ ሳይነሣ መቀመጥ፣ ከዚያ ተነሥቶ መቀመጥ፣ ከዚያ እስከ አደባባዩ ደርሶ መመለስ ሆነ። በአሥራ ስድስተኛው ሳምንት አውቶቡስ ተሳፍሬ ጎሐ ጽዮን ሄድኩ። ገደሉን ከላይ አይቼ ተመለስኩ፤ አልወረድኩም። የጭነት መኪና ዛሬም አልነዳም። ዕለቱ በዞረ ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ። ታክሲ ግን እሳፈራለሁ፤ የልጄን ምርቃትም ሄጄ አይቻለሁ።

ለሁሉም የሚሆን ነገር አይደለም። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ሰው ካለ ስልክ ተይዞ አይጠበቅም፤ ይዛችሁት ወደ አማኑኤል ወይም ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ። ራሷ ባለሙያዋ ናት ይህንን ደጋግማ የነገረችኝ።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልምጣ። ከዐረብ አገር ተመልሰው አፋቸውን ዘግተው የተቀመጡ ልጆች በየቤታችን አሉ። ልጇ የሞተባት እናት አለች፤ አርባው ካለፈ በኋላ ማን ይጠይቃታል? ስልኩ በየእጃችን አለ፤ ሰው የማይሰማበት ቦታ ግን የለንም። የእድሩ ክፍል ደግሞ ለቅሶ ከሌለ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ይውላል። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቀን ቀን ለሚፈልግ አባል በሰዓት እንዲሰጥ፣ ቁልፉ ሲወሰድም ለምን ተብሎ እንዳይጠየቅ፣ በመዝገብም ስም እንዳይጻፍ ለጉባኤው ሐሳብ አቀርባለሁ። የአምፖሉን ወጪ እኔ እችላለሁ፤ ያለው ከተቃጠለ ከርሟል።