እርዳታችን ከዘጠነኛ ክፍል ይጀምር

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በትምህርት ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና እህቶች፣ ድጋፋችሁ ያልተለየን ወዳጆቻችን፤

ዛሬ የምንናገረው ስለ ልጆቻችን የኮሌጅ መግቢያ ነው። የምንናገረውም ከእናንተ የበለጠ ስለምናውቅ አይደለም። ብዙዎቻችን ዘግይተን የተማርነውን ሌላዋ እናት በጊዜ እንድታውቀው ብለን ነው።

እንደምታውቁት ማኅበራችን በየዓመቱ 12ኛ ክፍል ለጨረሱ ልጆች ድግስ ያዘጋጃል። ዳቦ ይቆረሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ በፖስታ ሽልማት ይሰጣል። ባለፈው ድግስ ማታ ዕቃ ስናጥብ ግን አንዲት እናት የነገረችን ነገር እስካሁን ከልባችን አልወጣም። ልጇ ጎበዝ ናት፣ ኢንጂነር መሆን ትፈልጋለች። ያመለከተችባቸው ትልልቅ ኮሌጆች አልተቀበሏትም። ምክንያቱን የነገራት ባይኖርም ልጅቷ ካልኩለስ ሳትወስድ ነበር ያመለከተችው። ለምን ብለን ስንጠይቅ ነገሩ አራት ዓመት ወደ ኋላ ወሰደን። 8ኛ ክፍል ሳለች የኮርስ መምረጫ ቅጽ ቤት መጣ። እናቷ ከማታ ሥራ ስትገባ ሳታነበው ፈረመች። «ፈርሚ አለችኝ፣ ፈረምኩ» አለችን።

ይህ የእሷ ጥፋት አይደለም፣ የሁላችን ልማድ ነው። እኛ ባደግንበት አገር የተማሪ ዕጣ የሚወሰነው በማትሪክ ነበር። 9ኛ ክፍል ላይ የሰነፈም ቢሆን መጨረሻው ላይ ሌት ተቀን አጥንቶ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ «ገና ናት፣ 12ኛ ክፍል ስትደርስ ታጠናለች» እንላለን። እዚህ አሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ተማሪዋ በ12ኛ ክፍል መጀመሪያ፣ ብዙ ጊዜ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ስታመለክት፣ ኮሌጁ ፊት የሚቀርበው የ9ኛ፣ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ውጤቷ ነው። ሽልማታችንን በፖስታ ስንሰጥ ፍርዱ ከተሰጠ ቆይቷል።

ውጤት ብቻም አይበቃም፤ የኮርሱም ክብደት ይታያል። ሒሳብን እንውሰድ። ደረጃው እንደ መሰላል ነው፤ አልጀብራ አንድ፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ ሁለት፣ ፕሪካልኩለስ፣ ካልኩለስ። አልጀብራ አንድን 8ኛ ክፍል የጀመረች ልጅ 12ኛ ክፍል ካልኩለስ ትደርሳለች። 9ኛ ክፍል የጀመረች ግን በክረምት ካልተማረች ወይም በአንድ ዓመት ሁለት የሒሳብ ኮርስ ካልወሰደች አትደርስም። ኢንጂነሪንግ ለምትፈልግ ልጅ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

እንግዲህ እንግሊዝኛው ያልተሟላልን እናቶች ምን ማድረግ እንችላለን? ብዙ ነገር። ቅጹ ሲመጣ ሳንፈርም ካውንስለሩን እንጠይቅ። «ልጄ በዚህ መንገድ ከሄደች 12ኛ ክፍል ምን ሒሳብ ትደርሳለች? ከዚህ ከፍ ያለ ኮርስ አለ ወይ?» የሕዝብ ትምህርት ቤት በቋንቋችን አስተርጓሚ በነፃ ሊያቀርብልን ይገባል፤ ይህ መብታችን ነው። 10ኛ ክፍል ላይ ልጃችን የምትችለውን ያህል የኤፒ ኮርስ መሞከሯን እንይ። 11ኛ ክፍል ላይ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላትን መምህራን በደንብ እንድትቀርብ እንምከራት። ለኤስኤቲ ፈተና በካን አካዳሚ በነፃ መለማመድ ይቻላል። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦችም የፈተናና የማመልከቻ ክፍያ የሚቀርበት መንገድ አለ።

አንድ ነገር ደግሞ በመካከላችን በግልጽ እንነጋገር። ሴት ልጃችን ከትምህርት ቤት መጥታ ወጥ ትሠራለች፣ ታናናሾቿን ታጥባለች፣ አያቷን ሐኪም ቤት ወስዳ ታስተረጉማለች። ወንድሟ ክፍሉ ውስጥ ነው። ሥራውን እናካፍል። እስካሁን የሠራችውም ከንቱ አይደለም። ብዙ ኮሌጆች በሚጠቀሙበት ኮመን አፕ በሚባለው ማመልከቻ የቤተሰብ ኃላፊነት ራሱን የቻለ ቦታ አለው። ልጆቻችን ግን «እኔ ክለብ የለኝም» ብለው ባዶ ይተዉታል። ከ9ኛ ክፍል ጀምራ የሠራችውን በደብተር እንድትመዘግብ እናድርግ።

ዋጋውም አያስፈራን። ስመ ጥር ኮሌጆች ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ አንዳንዴ ከሁሉ የረከሱ ይሆናሉ። ፕሪንስተን በ2023 ዓመታዊ ገቢያቸው እስከ 100,000 ዶላር የሆኑ አብዛኞቹ ቤተሰቦች ለትምህርት፣ ለመኝታና ለምግብ ምንም እንዳይከፍሉ አድርጓል። ሃርቫርድም በ2025 ተመሳሳይ እርምጃ ወስዷል። እርግጥ እነዚህ ኮሌጆች ብዙ ብቁ ልጆችንም ይመልሳሉ። ቢሆንም በጊዜ የተዘጋጀች ልጅ የክፍለ ሀገሯ ዩኒቨርሲቲ ብትገባም ዝግጅቷ አብሯት ይገባል፤ የሚባክን ነገር የለም።

ስለዚህ ለዛሬው ስብሰባ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። የምረቃው ድግስ ይቅር አንልም፤ ዳቦው ይቆረስ። ለሽልማት ከምንመድበው ገንዘብ ግማሹ ግን ለ8ኛና ለ9ኛ ክፍል ልጆች ይዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሒሳብ አስጠኚ እንቅጠርበት። ቅጽ የመጣላት እናትም ብቻዋን አትፈርም፤ ከእኛ አንዷ አብራት ትምህርት ቤት ትሂድ። ለጋሾቻችንም ይህንን ሥራ እንድትደግፉ እንለምናችኋለን፤ ፎቶ የሚነሡበት ቀን ስለሌለው ነው ሳይታይ የቆየው።

ያቺ እናት ዛሬ እዚህ ከመካከላችን ተቀምጣለች። ታሪኳን እንድንናገር የፈቀደችልን እሷ ናት። ታናሿ ልጇ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ናት። የኮርስ ቅጹ ሲመጣ አብረናት እንሄዳለን። አበው ሳይቃጠል በቅጠል እንዳሉት፣ ለታናሺቱ ገና ጊዜ አለን።